በቤት አዘል አውቶሞቢል ወደ ረግረጉ ዳርቻ፤ ስለ ነጭዋ ወፍና ስለ ቤተ ሰቧ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሲጓዝ ሁለት ዓይነት ትርፍ ያገኛል። አንደኛው በዓይኑ የሚያየው ነው፤ ሁለተኛው ካየው ነገር የሚማረው ጠባይ ነው። የመጀመሪያው ከመንገዱ ጋር ይቀራል፤ ሁለተኛው ግን ተጓዡን ተከትሎ እስከ ቤቱ ይገባል። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንነግራችሁ ያሰብነው፥ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በቴክሳስ አገር አባትና እናት ልጆቻቸውን ይዘው፥ የባሕሩን ዳርቻ ረግረግ እየተከተሉ ስለሚያደርጉት ጉዞና በዚያ ስለምትገኝ አንዲት ነጭ ወፍ ነው። ይህች ወፍ በአንድ ወቅት ከዓለም ልትጠፋ ጥቂት ቀርቷት ነበር። የዳነችውም ሰዎች ስለ ወደዷት ብቻ ሳይሆን፥ ከርስዋ ራቅ ብሎ መቆምን ስለ ተማሩ ነው። ወድዶ መራቅ ደግሞ ለማንኛውም ቤተ ሰብ የሚያስፈልግ ትምህርት ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ከነምክንያቱ እንጽፈዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ መጓጓዣው ጥቂት እንናገር። በአሜሪካ «አር ቪ» ብለው የሚጠሩትን እኛ ቤት አዘል አውቶሞቢል ብለነዋል፤ ቤትን በጀርባው አዝሎ የሚሄድ ነውና። አንዳንዱ የራሱ ሞተር አለው፤ አንዳንዱ ሞተር የሌለው ሆኖ በሌላ አውቶሞቢል ይጐተታል። በውስጡ አልጋ፥ ምድጃ፥ የምግብ ማቀዝቀዣ፥ መመገቢያ ጠረጴዛና ትንሽ መታጠቢያ ክፍል ይገኙበታል። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1910 ፒርስ አሮው የተባለው የአሜሪካ የአውቶሞቢል ፋብሪካ፥ የኋላ መቀመጫው ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን፥ የእጅ መታጠቢያም ያለበት የጉዞ አውቶሞቢል ሠርቶ በኒው ዮርክ ከተማ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር።

የጥንት መኳንንታችን ሲጓዙ ድንኳን ተካዩ ይቀድማል፤ እንጀራ ቤቱና ጠጅ ቤቱ ይከተላል። በቤት አዘል አውቶሞቢል ግን ድንኳኑም እንጀራ ቤቱም ከአንድ ጣራ በታች ናቸው፤ የሚጐድለው አሽከር ብቻ ነው። ስለዚህ ጌታው ራሱ ነጂ፥ ራሱ ውሃ ቀጂ ይሆናል። እመቤቲቱም ካርታ ተመልክታ መንገዱን ትመራለች፤ ልጆቹም አልጋቸውን ራሳቸው አንጥፈው ራሳቸው ያነሣሉ። ይህ ሥራ ያዋርደናል የሚል ሰው ቢኖር ከመነሣቱ በፊት ቢያስብበት ይሻለዋል።

አውቶሞቢሉ ሦስት የውሃ ማጠራቀሚያዎች አሉት፤ አንዱ ለንጹሕ ውሃ፥ ሁለተኛው ለዕቃና ለገላ እጣቢ፥ ሦስተኛው ለመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ነው። ንጹሑ ውሃ በብዙዎቹ 150 ሊትር ያህል ብቻ ስለሚሆን፥ በከተማ ቧንቧውን ከፍቶ መተው የለመደ ልጅ በሁለት ቀን ውስጥ የውሃን ዋጋ ያውቃል። በማረፊያው ስፍራ ውሃውን በጐማ ቧንቧ፥ ኤሌክትሪኩንም በገመድ ከተተከለው ምሰሶ ይቀበላል። ሲነሣም ፍሳሹን ለዚሁ ተብሎ በተሠራው ጕድጓድ ብቻ ያፈሳል። ይህን ንቆ በረግረጉ ያፈሰሰ ሰው ሊያያቸው የመጣውን ወፎች ምግብ በገዛ እጁ መርዟል ማለት ነው። ከዚህም በቀር አውቶሞቢሉ ሲቆም መሬቱ ያዘነበለ እንደ ሆነ ከጐማው በታች እንጨት እየተደረገ ይስተካከላል። ጐኑ ሰፊና ቁመቱ ረጅም ስለ ሆነም በድልድይ ላይ የባሕር ነፋስ ይገፋዋልና ቀስ ብሎ መንዳት ግድ ነው።

አሁን ወደ አገሩ እንለፍ። የቴክሳስ የባሕር ዳርቻ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ከሳቢን ወንዝ እስከ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ አፍ ድረስ 590 ኪሎሜትር ያህል ይዘረጋል። በዋናው ምድር ፊት ለፊት ረጃጅምና ቀጫጭን የአሸዋ ደሴቶች እንደ አጥር ቆመዋል። በደሴቶቹና በምድሩ መካከል ጥልቀቱ ጥቂት የሆነ ውሃ ተኝቷል። ወደዚህ ውሃ ወንዞች ከላይ ጣፋጩን ውሃ ያመጣሉ፤ ባሕሩም ከታች ጨዋማውን ይልካል፤ ሁለቱ የሚቀላቀሉበትም ስፍራ ረግረግ ነው።

ረግረግ ለብዙ ሰው ከንቱ ምድር ይመስለዋል፤ አይታረስም፥ ቤት አይሠራበትም፥ ፈረስም አይጋልብበትም። ነገር ግን በሣሩ ሥር የዓሣ፥ የሸርጣንና የሌሎችም የባሕር ፍጥረታት ልጆች ተደብቀው ያድጋሉ። ባሕሩ ሲናወጥም ረግረጉ የማዕበሉን ኃይል ያበርዳል። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። በመስከረም 1900 በዚሁ ዳርቻ ባለችው በጋልቬስተን ከተማ ላይ የመጣው አውሎ ነፋስ ከ6 ሺሕ የሚበልጡ ሰዎችን ገድሏል። ከዚያ በኋላ የከተማው ሰዎች በባሕሩ ፊት ታላቅ የድንጋይና የሲሚንቶ ቅጥር ሠሩ። ስለዚህ የዚህ ዳርቻ ተጓዥ ውበቱን እያደነቀ ኃይሉንም እንዳይረሳ ይገባዋል።

ተጓዦች ብዙውን ጊዜ ከምሥራቅ በኩል ሃይ አይላንድ ከምትባለው ትንሽ መንደር ይጀምራሉ። ስሟ ከፍተኛ ደሴት ማለት ነው፤ ከፍታዋ ግን ከባሕሩ ወለል በላይ 10 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከምድር በታች ያለ የጨው ክምር አፈሩን ወደ ላይ ስለ ገፋው፥ በዙሪያው ሁሉ ሜዳና ረግረግ ሲሆን በዚህ ጕብታ ላይ ዛፍ ሊበቅል ችሏል። በሚያዝያ ወር ከደቡብ የሚመጡ ትናንሽ ወፎች ከዩካታን ምድር ተነሥተው ባሕረ ሰላጤውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርፉ ይሻገራሉ፤ ርቀቱም ከ900 ኪሎሜትር በላይ ነው። ከነዚህም መካከል ከአበባ ማር የምትመጥ፥ 3 ግራም ያህል ብቻ የምትመዝን ወፍ አለች። የሰሜን ነፋስና ዝናብ ከፊታቸው የመጣ እንደ ሆነ፥ ኃይላቸው አልቆ መጀመሪያ ባዩት ዛፍ ላይ እንደ ቅጠል ይረግፋሉ። በዚያን ቀን ቀይ፥ ቢጫና ሰማያዊ ወፎች በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሆነው ይታያሉ። የሁስተን ከተማ የወፍ ወዳጆች ማኅበር ይህን ዛፍ እንዳይቈረጥ ገዝቶ ይጠብቀዋል። ለተመልካች ደስታ የሚሆነው ነገር ለወፎቹ የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑን ለልጆች መንገር ይገባል።

ከሃይ አይላንድ በኋላ መንገዱ በቦሊቫር ልሳነ ምድር ላይ አልፎ ወደ መሻገሪያ መርከብ ያደርሳል። መርከቡ የቴክሳስ መንግሥት ነው፤ አውቶሞቢሉን ከነቤቱ ያለ ዋጋ ወደ ጋልቬስተን ያሻግራል። በመርከቡ ጐን ፔሊካን የሚባሉት፥ ከምንቃራቸው በታች ከረጢት ያላቸው ቡናማ ወፎች ውሃውን ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው በሰልፍ ይበርራሉ። እነዚህም በአንድ ወቅት ከዚህ ዳርቻ ጠፍተው ነበር ለማለት ያስደፍራል። ለተባይ ማጥፊያ የሚረጨው ዲ.ዲ.ቲ. የተባለው መርዝ በዓሣው በኩል ወደ ሰውነታቸው ገብቶ የዕንቁላላቸውን ቅርፊት ስላሳሳው፥ እናቲቱ ልታሞቀው ስትተኛበት ይሰበር ነበር። በ1972 የአሜሪካ መንግሥት መርዙን ከለከለ፤ ወፎቹም ቀስ በቀስ በዙ፤ በ2009 ሊጠፉ ከተቃረቡት ፍጥረታት መዝገብ ስማቸው ተሰረዘ። አንድ ክልከላ በጊዜው ሲወጣ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል።

ከጋልቬስተን ወደ ደቡብ ምዕራብ ተጕዘው ቍጥር 35 በሚባለው ጐዳና ሲወርዱ ወደ ሮክፖርት ከተማ አካባቢ ይደረሳል። በዚያ ጉስ አይላንድ የሚባል የመንግሥት መናፈሻ አለ፤ ቤት አዘል አውቶሞቢሎች የሚያድሩበት ስፍራ በባሕሩ ዳርና በዛፎቹ መካከል ተዘጋጅቶለታል። በአጠገቡ ዕድሜው ከ1,000 ዓመት በላይ እንደሚሆን የሚገመት አንድ ታላቅ የኦክ ዛፍ ቆሟል። በነሐሴ 2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ በሮክፖርት በኩል ገብቶ ብዙ ቤት ሲያፈርስ፥ ይህ ሽማግሌ ዛፍ ግን ሳይወድቅ ቀርቷል። የጉዟችን ዋና ምክንያት የሆነው የአራንሳስ የዱር ፍጥረት መጠበቂያ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በመጠበቂያው ውስጥ ግን አውቶሞቢል አቁሞ ማደር አይፈቀድም፤ ሌሊቱ ለእንስሳቱ የተተወ ነው።

አሁን ስለ ነጭዋ ወፍ እንናገር። በእንግሊዝ ቋንቋ «ሁፒንግ ክሬን» ትባላለች። ሸክም የሚያነሣው መሣሪያ ክሬን የተባለው ረጅም አንገቱ ይህን የወፍ ወገን ስለሚመስል ነው፤ «ሁፒንግ» ማለት ደግሞ ጯሂ ማለት ነው። ለዓይን ከኛ ሽመላ ጋር ትመሳሰላለች፤ በዘር ግን ልዩ ናት። ቁመቷ 1.5 ሜትር ያህል ነው፤ በሰሜን አሜሪካ ካሉት ወፎች ሁሉ በቁመት የሚበልጣት የለም። ክንፏን ስትዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር ይበልጣል። ሰውነቷ ነጭ፥ የክንፎቿ ጫፍ ጥቁር፥ ዐናቷ ቀይ ነው። የጉሮሮዋ ቧንቧ 1.5 ሜትር ያህል ርዝመት ኖሮት በደረቷ አጥንት ውስጥ እንደ መለከት ስለ ተጠመዘዘ፥ ጩኸቷ ከሩቅ ይሰማል።

ባልና ሚስቱ አንድ ጊዜ ከተጣመሩ ሞት እስኪለያቸው አብረው ይኖራሉ። በሰሜን ካናዳ ረግረግ ውስጥ ጎጆ ሠርተው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዕንቁላል ይጥላሉ፤ ሁለቱም ተራ በተራ ያሞቁታል። ከሁለቱ ጫጩቶች ግን ለማደግ የሚበቃው በአብዛኛው አንዱ ነው። መጸው ሲገባ ወላጆቹ ልጃቸውን በመካከላቸው አድርገው 4 ሺሕ ኪሎሜትር ያህል በረው ወደ ቴክሳስ ይመጣሉ። መንገዱ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ርስት ነው፤ ልጁ አብሮ በመሄድ ይማረዋል። በአራንሳስም እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በረግረጉ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው፤ ሌላ ወፍ ወሰኑን ቢያልፍ ባልና ሚስቱ ተባብረው ያባርሩታል። ከጥቅምትና ከኅዳር ጀምረው እስከ መጋቢትና ሚያዝያ በዚያ ይሰነብታሉ።

እኛም ከሮክፖርት አጠገብ ካለው ከፉልተን ወደብ በማለዳ በሚነሣው ጠፍጣፋ ጀልባ ተሳፍረን ነበር። ቀዝቃዛው ነፋስ ከሰሜን ይመጣ ነበርና ሴቶቹ ጋቢ እንደ መልበስ በብርድ ልብስ ተጠቅልለዋል። ጀልባው ረግረጉን ታኮ ከሄደ በኋላ መሪው ሞተሩን አጠፋ። በሣሩ መካከል ሁለት ታላላቅ ነጭ ወፎችና፥ በመካከላቸው ላባው ገና የቀረፋ መልክ ያለው አንድ ልጅ ቆመው ነበር። ወንዱ ይመስለናል፥ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ወደኛ ይመለከት ነበር፤ ሌላይቱ ግን ምንቃርዋን በጭቃው ውስጥ ትሰድ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰማያዊ ሸርጣን አወጣች፤ እግሮቹን አንድ በአንድ ነቃቅላ ሥጋውን ለልጇ ሰጠችው። በጀልባው ከነበሩት ልጆች አንዱ፥ «ለምን ጠጋ አንልም?» ብሎ ጠየቀ። የጀልባው መሪ፥ «ብንጠጋ ይነሣሉ፤ ቢነሡ የያዙትን ምግብ ይተዋሉ። እዚህ የሚበሉት ለ4 ሺሕ ኪሎሜትር የሚሆን ስንቃቸው ነው። እኛ ደስ ይለን ዘንድ ስንቃቸውን እንዳንቀማቸው» ብሎ መለሰለት። ልጁም ሁለተኛ አልጠየቀም፤ መነጽሩን አንሥቶ ካለበት ሆኖ ይመለከት ጀመር።

ይህ የጀልባ መሪ ንግግር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ነጮቹ ሰፋሪዎች የሰሜን አሜሪካን ሜዳ ሲያርሱና ረግረጉን ሲያደርቁ የወፏ ማደሪያ ጠበበ፤ ለሥጋዋና ለላባዋ ብለውም ገደሏት፤ ዕንቁላሏንም እንደ ብርቅ ነገር ሰበሰቡት። በ1916 አሜሪካና ስለ ካናዳ የፈረመችው እንግሊዝ ተዘዋዋሪ ወፎችን ስለ መጠበቅ ውል አደረጉ፤ በ1918ም ውሉ በአሜሪካ ሕግ ሆኖ ወጣ። በ1937 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የአራንሳስን ምድር መጠበቂያ እንዲሆን አዘዙ። ይሁን እንጂ በ1941 በአራንሳስ የተገኙት ወፎች 15 ወይም 16 ብቻ ነበሩ። በሉዊዚያና አገር የቀሩትን 6 ቢጨምሩ እንኳ በዓለም ላይ በዱር የነበሩት ከ22 አይበልጡም፤ የሉዊዚያናዎቹም በ1950 ፈጽመው ጠፉ። እንግዲህ የአንድ ሙሉ ዘር ዕድል በጥቂት ቤተ ሰቦች ክንፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ወፎቹ በበጋ ወዴት ሄደው እንደሚፈለፍሉ ለብዙ ዘመን የሚያውቅ አልነበረም። ሮበርት ፖርተር አለን የተባለው ሊቅ ስለነሱ ጥናት ለብዙ ዓመታት በሰሜኑ ምድር ፈለጋቸው። በ1954 ግን የጫካ እሳት ለማየት በሄሊኮፕተር ይበርሩ የነበሩ ሰዎች በካናዳ በዉድ ባፋሎ መናፈሻ ውስጥ ወፎቹን ከልጃቸው ጋር አዩ። ይህ መናፈሻ ስፋቱ ከ44 ሺሕ ካሬ ኪሎሜትር በላይ ነው፤ በ1922 የተከለለውም ለዱር ጎሾች ተብሎ ነበር። ለጎሽ የተተወው ምድር ማንም ሳያስበው የወፏንም ጎጆ ጠብቆ ኖሯል። ዛሬ በዚህ በሰሜንና በደቡብ በሚመላለሰው መንጋ ውስጥ ያሉት ወፎች ከ500 በላይ ናቸው። ቍጥሩ በአንድ ጊዜ አልበዛም፤ በየዓመቱ አንድ ልጅ፥ ከዚያም ሌላ ልጅ እየተጨመረ ነው እንጂ።

ስለ መራቅ የተናገርነውን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ እንጨምር። በ1967 ቴክስ የተባለች የዚህ ዘር ጫጩት በሳን አንቶኒዮ ከተማ የአራዊት ማኖሪያ ተፈለፈለች። ለሕይወቷ ስለ ተሰጋ ሰው በእጁ አሳደጋት። ነገር ግን ከተፈለፈለች በኋላ መጀመሪያ ያየችው የሰው ፊት ስለ ሆነ፥ ራሷን ከሰው ወገን ቈጠረች፤ የራሷን ወገን ወንዶች አልፈልግም አለች። በዊስኮንሲን አገር የክሬን ወፎች ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ጆርጅ አርቺባልድ፥ እንድትፈለፍል ብሎ በየዓመቱ ከርስዋ ጋር እንደ ወፍ እየዘለለ ይጨፍር ነበር፤ የክሬን ባልና ሚስት ሲዋደዱ ይጨፍራሉና። ከብዙ ድካም በኋላ በ1982 ከርስዋ ዕንቁላል አንድ ልጅ ተፈለፈለ። ሰው በፍቅር ቀርቦ ያበላሸውን ለማቃናት ብዙ ዓመት ፈጀ። ዛሬ በማኅበሮቹ ዘንድ ጫጩት የሚያሳድጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ መልካቸውን በነጭ ልብስ ይሸፍናሉ፤ የወፍ ራስ የሚመስል አሻንጉሊት በእጃቸው ይዘው ያጐርሷቸዋል፤ በፊታቸውም አይናገሩም። ልጁን ስለሚወዱት ራሳቸውን ይሰውሩበታል።

ይሁን እንጂ ወፏን አለመግደልና አለመቅረብ ብቻ አይበቃም። በረግረጉ የሚፈሰው ውሃ ከሩቅ የሚመጣ ነውና። የጓዳሉፔና የሳን አንቶኒዮ ወንዞች ለከተማ፥ ለእርሻና ለፋብሪካ እየተጠለፉ በድርቅ ዘመን ወደ ባሕሩ የሚደርሰው ጥቂት ይሆናል። ውሃው ሲያንስ ረግረጉ ጨው ይሆናል፤ ሸርጣኑ ይመነምናል፤ ወፎቹም ምግብ መፈለጉን ትተው ለመጠጥ ጣፋጭ ውሃ ፍለጋ ወደ ምድር ይበርራሉ። ከ2008 ወደ 2009 በተሻገረው የብርድ ወራት ድርቅ ሆኖ፥ የመጠበቂያው ሰዎች 23 ወፎች ሞተዋል ብለው ቈጠሩ።

በዚህም ምክንያት ክርክር ተነሣ፤ እኛም በችሎት መዝገብ የምንውል ሰዎች ስለ ሆንን ነገሩን በጥሞና ተከትለነዋል። ለወፎቹ የተቈረቈሩ ሰዎች «የአራንሳስ ፕሮጀክት» በሚል ስም ተሰብስበው፥ ውሃ የመጥለፍ ፈቃድ የሚሰጡትን የቴክሳስ ሹሞች ከሰሱ። በ2013 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለከሳሾቹ ፈረደ። ሹሞቹ ይግባኝ ብለው በ2014 የይግባኙ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ በፈቃዱና በወፎቹ ሞት መካከል ያለው ሰንሰለት እጅግ ረጅም ነው፥ ሹሞቹን ሊያስጠይቅ አይችልም ሲል። የበላዩ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን አላይም ስላለ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ሕጉ እንዲህ ብሎ ቆሟል። ነገር ግን ሕግ የማይደርስበትን ሰንሰለት ኅሊና ሊከተለው ይችላል። በላይኛው አገር የአትክልት ስፍራውን ቀኑን ሙሉ የሚያጠጣ ባለቤትና፥ በታች ሸርጣን ያጣች እናት ወፍ በአንድ ወንዝ የተያያዙ ጎረቤቶች ናቸው። በቤት አዘል አውቶሞቢል ውስጥ 150 ሊትር ውሃ ለቤተ ሰብ ያካፈለ ልጅ፥ ይህን ያለ አስተማሪ ያስተውለዋል።

ወደዚህ አገር ለመጓዝ ለሚያስቡ ቤተ ሰቦች ጥቂት ምክር እንሰጣለን። ነጮቹን ክሬኖች ለማየት ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ትናንሾቹን ወፎች በሃይ አይላንድ ለማየት ሚያዝያ ነው። አውሎ ነፋስ የሚያሠጋው ከሰኔ እስከ ኅዳር መጨረሻ ስለ ሆነ በዚህ ወራት የሚሄድ ሰው ወሬውን በየቀኑ ይጠይቅ። ለእያንዳንዱ ልጅ ርካሽም ቢሆን የራሱ አቅራቢ መነጽር ይሰጠው፤ በአንድ መነጽር ሦስት ልጆች ሲሻሙ ወፉ ይበርራልና። ደማቅ ልብስ አይልበሱ፤ ለቢንቢው መከላከያ ቅባትና ረጅም እጀ ጠባብ ይያዙ። በጣፋጩ ውሃ ዳር አዞ የሚመስለው አሊጌተር ይገኛልና ሕፃናት ብቻቸውን ወደ ውሃ አይውረዱ፤ ምግብም አይወርውሩለት። አውቶሞቢሉን ከተጠረገው መንገድ አውጥቶ በአሸዋና በጭቃ መንዳትም ለነጂው ድካም፥ ለረግረጉ ጕዳት ነው። ማታም ልጆቹ ያዩትን ወፍ መልክና ቍጥር በደብተር ይጻፉ። በዓይን የታየ ሁሉ ይረሳል፤ በእጅ የተጻፈ ግን ይሰነብታል።

በሁስተንና በዳላስ ከተሞች ብዙ የአገራችን ሰዎች ቤተ ሰብ መሥርተው ይኖራሉ። ከሁስተን እስከ አራንሳስ በአውቶሞቢል ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ልጆቻቸው በዚያ የተወለዱ እንደ ሆነ፥ የክሬን ወገን ለአባታቸው አገርም እንግዳ አለመሆኑን ቢነግሯቸው መልካም ነው። ጣና ሐይቅ ዳር በበጋ ወራት ከሰሜን የሚመጡ ግራጫ ክሬኖች ይሰማራሉ፤ ዐናታቸው ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ላባ ያላቸውና፥ ከአገጫቸው በታች እንጥልጥል ያላቸው ክሬኖችም በኢትዮጵያ ረግረግ ይኖራሉ። የጣና አካባቢ በ2015 በዩኔስኮ ዘንድ ከሚጠበቁት የተፈጥሮ ስፍራዎች መዝገብ ገብቷል። መዝገብ መልካም ነው፤ ወፎቹን የሚያኖራቸው ግን ሳይታረስ የቀረው ረግረግና በአጠገቡ የሚኖረው ባላገር ትዕግሥት ነው። በላይ በከተማ የምንቀመጥም ብንሆን ያ ባላገር ለምን ታገሠ ብለን ድካሙን ልንካፈለው ይገባል፤ የአራንሳስ ታሪክ የሚያስተምረው የታችኛው ሰውና የላይኛው ሰው አንድ ወንዝ እንደሚጠጡ ነው።

አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ለልጆቻችሁ ብዙ ነገር ልትገዙላቸው ትችላላችሁ። የሚያምር ነገር አይተው ሳይነኩ፥ ሳይነጥቁና ሳያባርሩ መመለስን ግን በገበያ አይገዙላቸውም። ይህን ልማድ በልጅነቱ ያገኘ ሰው ሹም ቢሆን የድኻውን ወሰን አይገፋም፤ ዳኛ ቢሆን የደካማውን ቃል እስኪጨርስ ይሰማል፤ ባለጠጋም ቢሆን ወንዙ ከደጁ አልፎ ለሌላው እንደሚወርድ አይረሳም። አሥራ አምስት ከነበሩት ወፎች ዛሬ ከ500 በላይ የሆኑት እንዲህ ያሉ ሰዎች ጥቂት ስፍራ ስለ ተውላቸው ነው።